ትሬቡሼን በእጃችን እንሥራ፦ የድንጋይ ወርዋሪው ታሪክ፣ ሒሳብና አሠራር

በመካከለኛው ዘመን ቅጥር ለመደርመስ ከተሠሩ መሣሪያዎች መካከል ትሬቡሼን የሚያህል የለም። ባሩድ አይፈልግም፤ የተጠማዘዘ ጅማትም ሆነ የተለጠጠ ቀስት የለበትም። አንድ ረጅም ክንድ፣ በአንዱ ጫፍ ከባድ ክብደት፣ በሌላው ጫፍ ወንጭፍ፤ በቃ። ክብደቱ ሲወርድ ድንጋዩ ይሄዳል።

ሞዴሉን ለመሥራት የሚነሣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ክብደቱ ላይ ነው። ኳሱ ቅርብ ከወደቀ አሸዋ ይጨምራል፤ አሁንም ቅርብ ከወደቀ አሁንም ይጨምራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ርቀት ጥቂት ነው፤ የሚገኘው ይልቅ የተሰበረ ክንድ ነው። ጥሩ ትሬቡሼ የሚለየው ኳሱ ከወንጭፉ በሚወጣበት ቅጽበት ነው፦ ክብደቱና ክንዱ በዚያች ቅጽበት ሊቆሙ ምንም ያልቀራቸው መሆን አለባቸው። እነሱ ከቆሙ ኢነርጂው ወደ ኳሱ ተሻግሯል ማለት ነው። እነሱ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዙ ከቀሩ ኢነርጂው እዚያው ማሽኑ ላይ ቀርቷል።

እዚህ የምንሠራው ዘንጉ (ክንዱ የሚዞርበት ብረት) ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የቴኒስ ኳስ የሚወረውር ማሽን ነው። መጋዝና መሰርሰሪያ መያዝ የሚችል አንድ አዋቂ ካለ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በደንብ ይወጣዋል።

ከጎታች ሰው ወደ ወራጅ ክብደት

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዎቹ ወርዋሪዎች ክብደት አልነበራቸውም። ቻይና ውስጥ የተጀመረው ዓይነት በአጭሩ ክንድ ጫፍ ብዙ ገመድ ይታሰርበትና ሰዎች ተሰልፈው ባንድ ጊዜ ቁልቁል ይስቡታል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አቫሮችና ስላቮች የሚባሉ ሕዝቦች ተሰሎንቄን ሲከቡ ይህን ማሽን ይዘው መጥተው ነበር። የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ያየውን ጽፎ ትቷል፦ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ የሚጠቡ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከቀስት እንዲጋርዱ በሦስት ጎን ሳንቃ የለበሱ። የዚህ ማሽን ጣጣ ጎታቹ ሰው መሆኑ ነው። ሰው ይደክማል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ድንጋዩም በየጊዜው ሌላ ቦታ ያርፋል።

በ12ኛው መቶ ዘመን በሜዲትራኒያን ዙሪያ የጎታቾቹን ቦታ ወራጅ ክብደት ያዘ። አል-ጠርሱሲ በ1187 አካባቢ ለሱልጣን ሰላሃዲን ስለ ጦር መሣሪያዎች ሲጽፍ የገለጸው አንዱ መንጀኒቅ (የድንጋይ ወርዋሪ የዐረብኛ ስም ነው) ክብደቱ ድንጋይ የታጨቀበት መረብ ነው፤ መረቡ ሲወርድ ደግሞ በጎን የታሰረ ቀስት ይወጥራል። ሰውየው አንድ ክብደት ሁለት ሥራ እንዲሠራለት ፈልጎ መሆን አለበት። ክብደት አይደክምም፣ አይቸኩልም፤ ሁልጊዜ ከአንድ ከፍታ ተነሥቶ አንድ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ድንጋዮቹ እኩል ከተጠረቡ አንዱን የግንብ ክፍል ደጋግሞ መምታት ተቻለ፤ ግንቦች የወደቁትም በዚህ ድግግሞሽ ነው።

ወሬው ሩቅ ሄዷል። የሞንጎሎቹ ገዥ ኩብላይ ካን በቻይና የሶንግ መንግሥት ምሽግ የነበረችውን ሺያንግያንግን ለዓመታት ከቦ ሲያቅተው ኢስማኢልና ዓላ አል-ዲን የሚባሉ ሁለት ሙስሊም መሐንዲሶች ከፋርስ ምድር ተጠርተው መጡ። የቻይና ዜና መዋዕል እንደሚለው የማሽናቸው ድንጋይ ግንቡን ሲመታ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። ከተማይቱ በ1273 እጅ ሰጠች።

ከመጋዙ በፊት ሒሳቡ

ሒሳብ ባትወዱም ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ማሽኑ ሲያስቸግራችሁ የምትመለሱት ወደዚህ ነው።

የኛ ማሽን አጭሩ ክንድ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ክንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙን ክንድ ስባችሁ ጫፉን ወደ መሬት ስታስጠጉት ክንዱ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። አጭሩ ክንድ ያን ጊዜ ከዘንጉ በላይ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ሲለቀቅና ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ከዘንጉ በታች 25 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ክብደቱ በጠቅላላው 43 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ክብደቱ 6 ኪሎ ከሆነ የሚሰጠው ኢነርጂ 6 × 9.8 × 0.43፣ ማለትም 25 ጁል ያህል ነው።

የቴኒስ ኳስ ክብደት ከ56 እስከ 59 ግራም ነው፤ 60 እንበለው። ያ ኢነርጂ በሙሉ ወደ ኳሱ ቢሄድና ኳሱ በ45 ዲግሪ ቢለቀቅ፣ የአየር ግፊያም ባይኖር፣ የሚሄደው ርቀት በዚህ ቀላል ቀመር ይገኛል፦

ርቀት = 2 × (ወራጅ ክብደት ÷ የኳስ ክብደት) × ክብደቱ የወረደበት ከፍታ

በኛ ቁጥር 2 × 100 × 0.43፣ ማለትም 86 ሜትር። ቀመሩ ውስጥ የመሬት ስበት እንደሌለ ልብ በሉ። ስበት ክብደቱንም ኳሱንም እኩል ስለሚስብ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ማሽኑን ጨረቃ ላይ ብትተክሉት፣ ቀስ ብሎ ቢወረውርም፣ ጣሪያው ያው 86 ሜትር ነው።

በተግባር 86 ሜትር አታገኙም። ክንዱ ራሱ ክብደት አለው፤ ዘንጉ ላይ ሰበቃ አለ፤ የቴኒስ ኳስ ደግሞ ጸጉራም ስለሆነ አየሩ ይይዘዋል። የመጀመሪያ ማሽናችሁ 30 ሜትር ካለፈ በደንብ ሠርታችኋል።

ታዲያ ክብደቱን እጥፍ ብናደርገው ርቀቱስ እጥፍ አይሆንም? ቀመሩ አዎ ይላል፤ ማሽኑ ግን አይልም። የትኛውም ክብደት በነጻ ከሚወድቅ ድንጋይ ፈጥኖ ሊወርድ አይችልም። ክብደቱ ከኳሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከበዛ ኳሱ እንደሌለ ያህል ይወድቃል፤ የኳሱ ፍጥነት ጣሪያ ይነካል፣ የተረፈው ኢነርጂ ክንዱንና እግሮቹን ይነቀንቃል። የመቶ ለአንድ ምጣኔ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ወንጭፉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክንዱ ጫፍ ላይ ማንኪያ ብቻ ቢኖር የኳሱ ፍጥነት ከክንዱ ጫፍ ፍጥነት አያልፍም። ወንጭፍ ሲታሰርበት ግን ሁለተኛ ክንድ ይጨመራል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፦ እጅ ይጀምራል፣ እጅ ይቆማል፣ ጫፉ ግን ይፈጥናል። ወንጭፉ ወደ ውጭ ሲዘረጋ ክንዱን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ክንዱ ይዘገያል፣ ክብደቱም ይዘገያል፣ የነሱ ኢነርጂ በገመዱ በኩል ወደ ኳሱ ይሻገራል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

4 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ 10 ሜትር ያህል፤ 30 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ክብ ብረት 45 ሴንቲ ሜትር፤ 8 ሚሊ ሜትር ብረት 15 ሴንቲ ሜትር፤ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፤ አንድ ባዶ የጋሎን የቀለም ጣሳና ደረቅ አሸዋ፤ የማይለጠጥ ሲባጎ፤ የቆየ የቆዳ ወይም የጂንስ ቁራጭ፤ የቁልፍ ቀለበት፤ የ10 ሴንቲ ሜትር ሚስማር፤ የብርጭቆ ወረቀት፤ ግሪስ። ለዘንጉ ፌሮ አትግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ግን የፌሮ ጥርስ እንጨቱን እየፋቀ ሰበቃ ይጨምራል።

እርምጃ 1፦ እግሮቹ

አራት እግር 85፣ 85 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ሁለት ሁለቱን ከላይ አገናኝታችሁ፣ ከታች 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታችሁ፣ 1 ሜትር ከ20 በሆነ መሠረት ላይ በብሎን እሰሩ። ሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ይኖሯችኋል። በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አቁሟቸውና መሠረቶቹን ከፊትና ከኋላ በአግዳሚ አገናኙ። አግዳሚ ከታች ብቻ ነው፤ መሐል ላይ ወይም ከላይ ካደረጋችሁ ጣሳው ወይም ክንዱ ይመታዋል። በምትኩ ከየሦስት ማዕዘኑ ውጭ በኩል ወደ ጎን የሚደግፍ ሰያፍ እንጨት አድርጉ። ማሽኑን በእጃችሁ ነቅንቁት፤ እግሮቹ ከተወዛወዙ የተወዛወዙበት ኢነርጂ ከኳሱ የተሰረቀ ነውና ድጋፍ ጨምሩ።

ሚስማር ሳይሆን ብሎን ያልኩት ማሽኑ ተፈትቶ እንዲጓጓዝ ነው። የጥንቶቹም እንዲሁ ነበሩ። በ1291 የግብፅ ገዥዎች የነበሩት ማምሉኮች በመስቀል ጦረኞች እጅ የነበረችውን የወደብ ከተማ አክሬን ሊከቡ ሲሄዱ አል-መንሱሪ የተባለው ግዙፍ መንጀኒቅ ተፈታትቶ ሶርያ ውስጥ ካለው ከሒስን አል-አክራድ ምሽግ በመቶ ጋሪ ተጭኖ ነበር። በኋላ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ የሆነው አቡል ፊዳ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነው፤ ከጋሪዎቹ አንዱ ለሱ ተሰጥቶት ነበር። ክረምት ነው፤ ዝናቡና በረዶው በሬዎቹን ጨረሰ። በፈረስ ስምንት ቀን የሚፈጀው መንገድ አንድ ወር እንደወሰደባቸው ራሱ ጽፏል።

እርምጃ 2፦ ክንዱ

130 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ቁረጡ፤ ጉጥ የሌለበትንና ቀጥ ያለውን ምረጡ። ከአንዱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ለጣሳው 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ከዚያ ቀዳዳ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ለዘንጉ ከ12 ሚሊ ሜትር ጥቂት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሱ። ሁለቱም እንጨቱን ቀጥ ብለው መብሳት አለባቸው። የዘንጉ ቀዳዳ ካዘነበለ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ምክንያቱንም ለማግኘት ትደክማላችሁ።

ቀጥሎ ረጅሙን ክንድ በመላጊያ አሳሱት፤ ዘንጉ ጋ እንደወፈረ ይቆይና ጫፉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የክንዱ ጫፍ ከሁሉም ፈጥኖ የሚሄደው ክፍል ስለሆነ እዚያ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግራም ውድ ነው። አናጺ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ለሱ ስጡት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራው ነው።

ዘንጉን በሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች አናት በኩል አሳልፉ፣ ግሪስ ቀቡት፣ በክንዱ ግራና ቀኝ ሮንዴላና አጭር የቧንቧ ቁራጭ አድርጋችሁ ክንዱ መሐል ላይ እንዲቆይ አድርጉ። በጣታችሁ ስትገፉት ያለ ድምፅ ደጋግሞ መወዛወዝ አለበት።

እርምጃ 3፦ ወራጁ ክብደት

8 ሚሊ ሜትሩን ብረት በአጭሩ ክንድ ቀዳዳ አስገቡና ግራና ቀኝ ከወጡት ጫፎች ላይ ጣሳውን በወፍራም ሽቦ አንጠልጥሉ። የጣሳው አፍ ከብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የጋሎን ጣሳ አሸዋ ሲሞላ 6 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በሚዛን አረጋግጡ፣ ክዳኑንም አጥብቃችሁ እሰሩ።

ክብደቱን ክንዱ ላይ አጥብቆ መቸንከርም ይቻል ነበር። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤጊዲዮ ኮሎና በ1280 አካባቢ ሲጽፍ ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ የተቸነከረው ዒላማ አይስትም፣ የተንጠለጠለው ሩቅ ይወረውራል። የተንጠለጠለው የሚበልጥበት ምክንያት ጣሳው ክብ መንገድ ከመዞር ይልቅ ወደ ቀጥታ መውረድ ስለሚቀርብ ነው፤ መጨረሻ ላይም በቀላሉ ይቆማል። ሁለቱም ያሉበት ሦስተኛ ዓይነትም ነበር። እኛ የተንጠለጠለውን እንሠራለን።

ስለ ክብደት ከተነሣ የስተርሊንጉን ማለፍ አይቻልም። በ1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የስኮትላንዱን የስተርሊንግ ምሽግ ሲከብ ዋርዎልፍ የሚባል ትሬቡሼ አሠራ፤ አምስት ዋና አናጺዎችና ሃምሳ ያህል ሠራተኞች ተሠማርተውበታል። ለከበባው ማሽኖች ወራጅ ክብደት የሚሆን እርሳስ (ከባዱ ብረት) ከአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ተገፈፈ። ማሽኑ ከመጠናቀቁ በፊት ምሽጉ ውስጥ ያሉት እጅ እንሰጣለን ቢሉ ንጉሡ አይሆንም አለ፤ ዋርዎልፍ ሳይወረውር ማንም እንዳይወጣ! ለንግሥቲቱና ለእመቤቶቿም ትርኢቱን የሚያዩበት መስኮት አሠርቶላቸው ነበር።

እርምጃ 4፦ ወንጭፉና ሚስማሩ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

የሚስማሩን ራስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የረጅሙን ክንድ ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱና ሚስማሩን 4 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ እንዲቀር ምቱት። ሳይበሱ ከመቱት የሳሳው እንጨት ይሰነጠቃል። የወጣውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት አለስልሱ፤ ቀለበቱ በአንዱ ቀን ተንሸራቶ በሌላው ቀን ከተያዘ የተቀረው ሥራችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከቆዳው ወይም ከጂንሱ 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ሁለቱን ጫፎች ሰብስባችሁ ሲባጎ እሰሩባቸው። አንደኛው ሲባጎ ክንዱ ጫፍ ላይ ለዘለቄታው ይታሰራል፤ የሁለተኛው ጫፍ ላይ የቁልፍ ቀለበቱ ይታሰርና ሚስማሩ ላይ ይጠለቃል። ቀለበቱ ሚስማሩ ላይ እያለ ሁለቱ ሲባጎዎች እኩል መወጠር አለባቸው፤ ከክንዱ ጫፍ እስከ ኳሱ መሐል ያለው ርዝመት 85 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለማስተካከል እንዲመች ሲባጎውን አስረዝሙና ትርፉን ጠቅልላችሁ ተዉት።

ኮምፔንሳቶውን ከክንዱ ሥር በሁለቱ መሠረቶች መሐል ዘርጉ። ወንጭፉ ከክንዱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ፊት፣ ወደ ጣሳው አቅጣጫ ይዘረጋበታል፤ ኳሱም መጀመሪያ በዚህ ጣውላ ላይ ይንሸራተታል። ብሎን ወይም ስንጥር እንዳይወጣበት።

እርምጃ 5፦ መልቀቂያው

ከረጅሙ ክንድ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከሥሩ የብረት ቀለበት፣ ከሱ ትይዩ በኋለኛው አግዳሚ ላይ ሁለት ቀለበቶች አድርጉ። ክንዱ ሲሳብ ሦስቱ ቀለበቶች ይሰለፋሉ፤ ለስላሳ ብረት አሳልፉባቸው። በብረቱ ላይ የ3 ሜትር ገመድ እሰሩ። ክንዱን ለመሳብ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ 6 ኪሎው በአጭሩ ክንድ ስላለ ጫፉ ላይ የሚሰማችሁ 1.5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በክንዱ ርዝመት የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው፤ ትልልቆቹ ማሽኖችም በጥቂት ሰዎችና በመጠምጠሚያ የሚጫኑት በዚሁ ነው።

እርምጃ 6፦ መተኮስና ማስተካከል

ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። ከፊትም ከኋላም ሰው አይቁም፤ ያልተስተካከለ ትሬቡሼ ወደ ኋላ ይወረውራልና። ተኳሹ በጎን በኩል፣ ገመዱ እስከደረሰ ርቆ ይቁም። ጣሳው ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም እጁን ወይም ራሱን በእግሮቹ መሐል አያስገባ። ግማሹ ኢነርጂ ብቻ ኳሱ ጋ ቢደርስ እንኳ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ስለዚህ ድንጋይ በፍጹም አትጫኑ።

አንድ ሰው በጎን ቆሞ በስልኩ ስሎ ሞሽን ይቅረጽ። ያለዚህ ቀረጻ ማስተካከል በጨለማ መዳበስ ነው።

ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ቀለበቱ ቶሎ ለቋል። ሚስማሩን በፒንሳ ወደሚወረወርበት አቅጣጫ ጥቂት አጉብጡት፤ ቀለበቱ ይዘገያል። ኳሱ ማሽኑ ፊት መሬት ላይ ከተመታ ግን ዘግይቷል፤ ሚስማሩን አቅኑት። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መተጣጠፍ ሜዳውን በሙሉ ይለውጠዋልና በጥቂት በጥቂቱ ሂዱ። በ1521 ስፔናዊው የጦር አዛዥ ኮርቴስ የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ከቦ ባሩድ ሲያልቅበት ትሬቡሼ አሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣና ማሽኑ በተተከለበት ላይ ተመልሶ ወደቀ። ማሽኑ እንዲፈርስ ታዘዘ። ሚስማሩን የሚያጎብጥ ሰው አጥተው ይመስለኛል።

ኳሱ በ45 ዲግሪ አካባቢ መውጣት ከጀመረ በኋላ ቀረጻውን ኳሱ በሚለቀቅበት ምስል ላይ አቁሙትና ኳሱን ትታችሁ ክንዱንና ጣሳውን ተመልከቱ። ክንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጣሳው ከሥሩ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱም ፍጥነታቸው የሞተ ከሆነ ማሽኑ ተስተካክሏል። ክንዱ ገና ወደ ላይ እየሮጠ ሳለ ኳሱ ከሄደ ወንጭፉ አጭር ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት። ክንዱ ቀጥ ማለትን አልፎ ወደ ፊት ከወደቀ በኋላ ኳሱ ከተለቀቀ ወንጭፉ ረዝሟል፤ አሳጥሩት። ወንጭፉን በነካችሁ ቁጥር ሚስማሩን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትንኩ፤ የትኛው ምን እንዳደረገ አታውቁምና።

ርቀቱን በሜትር ለኩና ለ86 አካፍሉት። 35 ሜትር ከሆነ 40 በመቶ ላይ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ክብደት ልጨምር ከማለታችሁ በፊት በቴኒስ ኳሱ ፋንታ ክብደቱ እኩል የሆነ፣ አሸዋ የያዘ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሞክሩ። ከረጢቱ ስለሚያንስ አየሩ ብዙም አይይዘውም። ሌላው መንገድ ከመሠረቶቹ ሥር አራት ጎማ ማድረግ ነው። ጣሳው ሲወርድ ማሽኑ ራሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣሳውም ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ርቀቱ ይጨምራል። ጎማ ካደረጋችሁ ግን ሚስማሩን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አስተካክሉ፣ የሚለቀቅበት ጊዜ ይለወጣልና።